የመልእክተኛው ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከአንድ ባንክ የገንዘብ መክፈያ ማሽን ፊት የሌላ ባንክ ካርድ ይዤ ቆምኩ። ማሽኑ ጥቂት ቆይቶ «ግብይቱ አልተሳካም» አለኝ፤ ገንዘቡ ግን ከሒሳቤ ተቀንሶ አገኘሁት። ከኋላዬ ተራ ይጠብቁ የነበሩ የሚያውቁኝ አዛውንት ገበሬ «መምህር፣ ታዲያ ብሩ የት ገባ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር።

እንደሚታወቀው ማሽኑና ሒሳቡ የተለያዩ ባንኮች ሲሆኑ መልእክቱ በመካከል በተቀመጠ አሸጋጋሪ ሶፍትዌር በኩል ያልፋል። በአገራችን ይህን ባንኮችን የማስተሳሰር ሥራ እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው ኢትስዊች ያከናውናል። አይሶ 8583 በተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት መሠረት የክፍያ ጥያቄ 0200፣ መልሱ 0210፣ የመሻሪያ ማሳወቂያው ደግሞ 0420 የሚል መለያ አላቸው።

አሸጋጋሪው ስንት ሰከንድ ይጠብቅ? መልስ ካጣ ስንት ጊዜ ደግሞ ይላክ? ወደየትኛው አድራሻ? እነዚህ ማስተካከያዎች ከፕሮግራሙ ውጭ ስለሚቀመጡ፣ አስተዳዳሪው ፕሮግራሙን እንደገና ሳይጽፍ ሊለውጣቸው ይችላል። ጥቅሙም አደጋውም ከዚህ ይመነጫል። ማሽኑ 20 ሰከንድ፣ አሸጋጋሪው 30 ሰከንድ እንዲጠብቁ ቢደረግ፣ በ25ኛው ሰከንድ የደረሰው «ተቀንሷል» የሚል መልስ ተቀባይ ያጣል፤ መሻሪያው ካልደረሰም ብሩ በመካከል ይንጠለጠላል። አንዱ ጥያቄ ያለ መለያ ቁጥር 3 ጊዜ ቢላክ ደግሞ 3 ጊዜ ሊቀነስ ይችላል። ኔትወርክ በሚዘገይበት በቡሬ ዙሪያ ገጠር ለፈጣን መስመር የተመረጠ ቁጥር ላይበጅ ይችላል።

አንዳንዶች «ከሠሪው በቀር ማንም አይንካው» ይላሉ። እኔ ግን አልስማማም። በቤተ ሙከራ የማይስተካከል መለኪያ ከጊዜ በኋላ ውሸት መናገሩ አይቀርም። የሚያስፈልገው ቁልፉን መስበር ሳይሆን ሥርዓት ማበጀት ነው። አንደኛ፣ ለውጡን የሚጠይቀውና የሚያጸድቀው ሰው ይለያዩ። ሁለተኛ፣ የቀድሞው ቁጥር፣ አዲሱ ቁጥር፣ የለዋጩ ስምና ሰዓቱ ይመዝገቡ። እኛ ዓመት ስንቆጥር ከጎርጎርዮሳዊው በ7 ወይም በ8፣ ሰዓት ስንቆጥር ደግሞ በ6 ስለምንለያይ መዝገቡ ሁሉ በአንድ አቆጣጠር ይሁን። ሦስተኛ፣ ማንኛውም ለውጥ አስቀድሞ በሙከራ ሥርዓት ላይ ይፈተሽ፤ ቢከሽፍም ወደ ነበረበት የሚመለስበት መንገድ ይዘጋጅ።

በገበያ ሚዛኑን የሚያስተካክለውና እህሉን የሚገዛው አንድ ሰው ከሆነ ገበሬው ፍርድ ያጣል። የመልእክት አሸጋጋሪም እንዲሁ ሚዛን ነው። ነገ ይህን ሚዛን የምትይዙት እናንተ ተማሪዎች ናችሁ። ያኔ አንድ አዛውንት «ብሩ የት ገባ?» ብለው ቢጠይቋችሁ፣ መዝገቡን ገልጣችሁ «እዚህ ነው፣ አባቴ» ለማለት ያብቃችሁ።