ለአንቲጎኔ ያጨበጨብነው ስለ ማን ሬሳ ነው?

ባለፈው ዐርብ ማታ በማኅበራችን አዳራሽ በተደረገው ክርክር የተገኛችሁ ሁሉ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ጥያቄው «ሰው ሕሊናውና የመንግሥት ሕግ ሲጣሉበት ለየትኛው ይታዘዝ?» የሚል ሲሆን፣ ለመነሻ የተወሰደው ሶፎክሌስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ዓመት ገደማ የደረሰው የአንቲጎኔ ቴአትር ነበር። አንድ የሕግ ተማሪ ወንድማችን «ሕግ ሕግ ነው፤ ሁሉም የልቡን ሕግ ካደረገ አገር አይኖርም» ሲል በጩኸት አስቀመጥነው። ስለ አንቲጎኔ የተከራከረችው እኅታችን የጥላሁን ግዛውን ስም ስትጠራ ግን አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ወዲያው ከኋላ ወንበር አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ተነሥቶ «የንጉሡስ ሬሳ?» ብሎ ጠየቀ። ሳቅንበት፤ ያፏጨም ነበር። ልጁ ቁጭ አለ፤ ክርክሩም ቀጠለ።

እኔም ከሳቁት አንዱ ነኝ። ይህን የምጽፈውም ያ ሳቅ እስካሁን ስለሚከነክነኝ ነው።

ቴአትሩን ላላነበቡ ነገሩ እንዲህ ነው። የኤዲፐስ ሁለት ወንዶች ልጆች በዙፋን ተጣልተው በአንድ ቀን ተገዳደሉ። ኤቴዎክሌስ ከተማይቱን ቴብስን ሲከላከል፣ ፖሊኔይኬስ ደግሞ የባዕድ ጦር አስከትሎ ሊያፈርሳት ሲመጣ። ሥልጣኑን የያዘው አጎታቸው ክሬዎን የመጀመሪያውን በክብር አስቀበረ፤ ሁለተኛውን ግን የቀበረው ሰው በሞት ይቀጣል ብሎ ዐወጀ። እኅታቸው አንቲጎኔ በሬሳው ላይ አፈር በተነች፤ ስትያዝም አልካደችም።

ለሕግ ተማሪው ወንድማችን የምሰጠው መልስ አጭር ነው። ክሬዎን ያወጣው ዐዋጅ ነው፤ ያውም ሥልጣን በያዘ ማግሥት፣ ከማንም ሳይመክር። ዐዋጅና ሕግ በእኛም ቋንቋ ሁለት ቃላት ናቸው። (በሕግ ትምህርት ቤት ዐዋጅ ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት በነጋሪት ጋዜጣ ስለሚወጣ ልዩነቱ ሳይዘነጋቸው አልቀረም።) አቴናውያን እንኳ ከሐዲ በምድራቸው እንዳይቀበር ቢከለክሉም፣ ከወሰን ውጭ ወስዶ ለሚቀብር ዘመድ መንገዱን አልዘጉም። ክሬዎን ግን ሬሳው ለአሞራና ለውሻ እንዲተው አደረገ። ዛሬ የእኛ የወንጀል ሕግም የሙታንን ክብርና ዕረፍት የደፈረውን ይቀጣል። እንግዲህ «ሕግ ሕግ ነው» የሚለን ወንድማችን የትኛውን ሕግ ማለቱ ይሆን?

ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ የእኛ የአጨብጫቢዎቹ ጉዳይ ነው።

ፖሊኔይኬስ ንጹሕ ሰው አልነበረም። የቴአትሩ ክብደት ያለውም እዚህ ላይ ነው። አንድ የዋህ በግፍ ተገድሎ ቢሆን ኖሮ ማንም ይቀብረው ነበር፤ ሶፎክሌስም ባልጻፈው። የክሬዎን ክርክር ጠላት ከሞተም በኋላ ጠላት ነው የሚል ነው። እኛም ዐርብ ማታ በሳቃችን ያልነው ይህንኑ አይደለምን?

የተወለድሁት በዓለም ጤና ነው። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ ሞጆ ላይ እንታጠፋለን። ከዚያች ከተማ አቅራቢያ ታኅሣሥ 15 ቀን 1953 ዓ.ም. ገርማሜ ንዋይና ወንድሙ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ተከበቡ። ታኅሣሥ 4 ቀን የጀመሩት መፈንቅለ መንግሥት ከሽፎባቸው የሸሹ ነበሩ። ገርማሜ ወንድሙን በጥይት መትቶ ራሱን ገደለ፤ መንግሥቱ ግን ቆስሎ ተረፈና በመጋቢት ወር በፍርድ ተሰቀለ። የገርማሜ ሬሳ አዲስ አበባ ተወስዶ በአደባባይ ተሰቀለ። የሞተ ሰው መስቀል ምን ይባላል? ቅጣት እንዳይባል ሰውዬው የለም። የሚቀጣው ቆሞ የሚያየው ሕዝብ ነው።

ገርማሜ ንጹሕ ነበር አልልም። እርሱና ጓደኞቹ ከመሸሻቸው በፊት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የታገቱ ሹማምንት፣ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ጭምር፣ በጥይት ተፈጅተዋል። እነዚያም ሬሳዎች ናቸው፤ እነርሱም አልቃሽ ነበራቸው።

ያ ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ በ1954 ዓ.ም. የተማሪ ግቢ ሆነ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። በማግሥቱ ጓደኞቹ ሬሳውን ይዘው የተሰበሰቡት በዚያው ግቢ ነው። የክብር ዘበኛ ጦር ገብቶ ተኩስ ከፍቶ ሬሳውን ነጥቆ ወሰደ። የሞቱም የቆሰሉም ነበሩ። ታጣቂ ጦር አንድን ሬሳ ይህን ያህል የፈራበትን ቀን ሳስብ ክሬዎን ትዝ ይለኛል፤ እኅታችን ይህን በማንሣቷ አልተሳሳተችም።

ነገር ግን ታሪኩ እዚያ አላበቃም። የገርማሜን ሬሳ ያሰቀለው፣ የጥላሁንን ሬሳ ያስነጠቀው መንግሥት ባለቤት ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲሞቱ እርሳቸውም መቃብር ተከለከሉ። ዐፅማቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከቤት ወለል ሥር በ1984 ዓ.ም. ተቆፍሮ ወጣ፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ሃያ አምስት ዓመት! የአንደኛ ዓመቱ ልጅ የጠየቀን ይህን ነው። ክሬዎን የነበረው ሰው ራሱ ፖሊኔይኬስ ሲሆን አንቲጎኔ ምን ታደርግ ነበር? እኛ የሰጠነው መልስ ፉጨት ነው።

ከዚያም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የልጆች ሬሳ በየመንገዱ ተጥሎ ዋለ። እናቶች እንዳያለቅሱ ተከለከሉ፤ ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁም ነበሩ። የጥላሁን ትውልድ ልጆች ከገዳዩም ከሟቹም ወገን ነበሩበት። ስለ አንድ ጓደኛው ሬሳ የጮኸ ሁሉ ስለ ሰው ሁሉ ሬሳ ይጮኻል ማለት አይደለም።

አንቲጎኔም ብትሆን ከዚህ ነቀፋ አታመልጥም። ወደ ዋሻው ስትወሰድ፣ ለባል ወይም ለልጅ ብሎ ቢሆን ይህን አላደርግም፣ ወንድም ግን አይተካም የምትልበት ክፍል አለ። ሶፎክሌስ አልጻፈውም የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ እኔ ግን ጽፎታል ባይ ነኝ። የራሷን ሥጋ ቀበረች እንጂ ጠላቷን አልቀበረችም።

በዚህ ረገድ የዓለም ጤና እድር ከአንቲጎኔ ይበልጣል ብል አትሳቁብኝ። ጧት ጥሩምባ ሲነፋ ከሟቹ ጋር በድንበር ተካስሶ ሰላምታ ያቋረጠው ጎረቤትም ይወጣል፤ ቃሬዛውን ይሸከማል፤ ከቀረ ይቀጣል። ደንቡ ሟቹን ትወደው ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም። ክርስቲያኑ የእስላሙን፣ እስላሙ የክርስቲያኑን ቀብር የሚሸኘው በዚሁ ልማድ ነው። የመንደር ሽማግሎች ያለ ቴአትር የደረሱበትን እኛ በኮሌጅ ትምህርት ስተነዋል።

ይህ የድሮ ነገር ነው የሚለኝ ቢኖር፣ ጥቅምት 2016 ዓ.ም. በትግራይ የሦስት ቀን ሐዘን ሲታወጅ ብዙ እናቶች የልጆቻቸውን መርዶ የሰሙት ጦርነቱ ካቆመ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው እንደ ነበር ያስታውስ። የሚቀበር ሬሳ ያላገኙ ብዙ ናቸው። በዚያው ጦርነት በአማራና በአፋርም ልጅ ያጡ አሉ። በእኛ ማደሪያ ክፍሎች ከእነዚህ ቤተሰቦች የመጡ ተማሪዎች ጎን ለጎን ይተኛሉ። የአንዱ ወንድም ስም ሲነሣ ሌላው ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር አይቻለሁ። እኔ ራሴ አዙሬአለሁ።

ስለዚህ ለክርክር ክፍሉ ጸሓፊ ለሚመጣው ዐርብ አንድ ርእስ አስገብቻለሁ፤ «የጠላቴን ሬሳ እቀብራለሁን?» የሚል ነው። እያንዳንዱ ተናጋሪ ከወገኑ ሳይሆን ከተቃራኒው ወገን አንድ ሟች ስም ጠርቶ እንዲጀምር፣ የመጀመሪያው ተናጋሪም ያ የአንደኛ ዓመት ተማሪ እንዲሆን ጠይቄአለሁ። የሕግ ተማሪው ወንድማችንም ይምጣ፤ በዚህ ጊዜ ሳናቋርጠው እንሰማዋለን።