የኪስ ሰዓት በሚዛን አይሸጥ

የመቂ ነጋዴ የሽንኩርትንና የቲማቲምን ዋጋ ማለዳ ጠይቆ ሳይመሽ ይሸጣል፤ ዕቃው ቢያድር ይበላሻልና። አሮጌ የኪስ ሰዓት ግን ችኮላ የማይስማማው ሸቀጥ ነው። የወርቅ ዋጋ በናረበት በዛሬው ጊዜ፣ ከአያት የተወረሰውን ሰዓት ክዳኑን ነቅሎ በግራም መሸጥ ለባለቤቱም ለነጋዴውም ኪሣራ ነው።

ጃፓኖች በ1962 ዓ.ም. የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ካቀረቡ ወዲህ፣ ኋላም ተንቀሳቃሽ ስልክ ሲስፋፋ፣ ሰዓት ለማወቅ ብሎ የኪስ ሰዓት የሚገዛ ሰው ጠፍቷል ማለት ይቻላል። የዛሬው ገዢ ሰብሳቢው ነው። እርሱም የሚከፍለው ለሙሉነቱ ስለ ሆነ፣ የሰዓቱ ፊት፣ የውስጡ መኪናና ክዳኑ አብረው የተሠሩ መሆናቸውን፣ የተቀረጸበትም ስም አለመፋቁን ይመረምራል።

ስለዚህ ባለሱቁ ከመግዛቱ በፊት ክዳኑን ከፍቶ ምልክቱን ያንብብ። 750 የሚለው ባለ 18 ካራት ወርቅ፣ 585 ባለ 14 ካራት፣ 800 ደግሞ ብር መሆኑን ያመለክታል፤ ምልክት የሌለው ቢጫ ክዳን ብዙ ጊዜ ቅብ ነው። ሻጩ ሰዓቱን ከየት እንዳገኘውም በጽሑፍ ይያዝ። በ2008 ዓ.ም. በዤኔቭ ለሐራጅ ሊቀርብ የነበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የፓቴክ ፊሊፕ የእጅ ሰዓት እንኳ፣ የባለቤትነት ጥያቄ ስለ ተነሣበት ከሽያጭ ወጥቶ ነበር። ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ነጋዴም፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 እንደ ተደነገገው ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንደማይወጣ ይወቅ።

ወርቅ በማናቸውም ቀን ገዢ አያጣም፤ የቀለጠ ሰዓት ግን ተመልሶ ሰዓት አይሆንም።