ስለ ልብስ ቀለምና ስለ አንድ ሠዓሊ ደብተር

በድሬዳዋ መጋላ ልብስ የገዙ እመቤቶች ሲያዝኑ ብዙ ጊዜ ሰምተናል። በሱቁ ውስጥ ከአረንጓዴ ጣቃ አጠገብ እንደ ፍም ይነድ የነበረው ቀይ ጨርቅ ከቤት ሲደርስ ደብዝዞ ይገኛል፤ ጥፋቱም በነጋዴው ይላከካል።

እኛ ግን ነጋዴውን ከመውቀሳችን አስቀድሞ፥ በስዊስ አገር የተወለደው ሠዓሊ ፓውል ክሌ በእጁ የጻፈውን መመልከት ይገባል እንላለን። እርሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1921 እስከ 1931 በጀርመን አገር ባውሃውስ በተባለው ትምህርት ቤት ሲያስተምር፥ የትምህርቱን ማስታወሻ ከነሥዕላዊ መግለጫው በደብተር ይጽፍ ነበር፤ ጽሕፈቱም ዛሬ በበርን ከተማ በስሙ በተሠራው ቤተ መዘክር ይጠበቃል። በዚያም ክብ ሥሎ፥ ቀዩን ከአረንጓዴው፥ ሰማያዊውን ከብርቱካንማው፥ ቢጫውን ከሐምራዊው ፊት ለፊት አኖረ፤ በመካከሉም ግራጫ ነጥብ አደረገ። ተቃራኒዎቹ በልክ ሲቀላቀሉ ሁለቱም ጠፍተው ወደ ግራጫ ይመለሳሉና። ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን አንዱ ሌላውን ያደምቀዋል፤ የመጋላውንም ጨርቅ ያነደደው ጎረቤቱ አረንጓዴ ነው።

ጥለት ለሚያሠሩም ነገሩ ይረባቸዋል። ቀይና አረንጓዴ ክር ሰፋ ሰፋ ብሎ ቢሸመን ሁለቱም ይፈካሉ፤ እጅግ ቀጥኖ ቢፈራረቅ ግን ከሩቅ ሲያዩት ይደበዝዛል።