ለነጂው የሚገባው ጎማ

ነፍስ አባት ለንስሐ ልጆቹ ቀኖና በሚሰጥበት ጊዜ ለብርቱውና ለደካማው፣ ለጎልማሳውና ለአረጋዊው አንድ ዓይነት ጾምና አንድ ዓይነት ስግደት አያዝም፤ የእያንዳንዱን ጠባይና ዓቅም መርምሮ የሚያንጸውን እንጂ የሚሰብረውን አይጭንበትም። ይህ የቆየ ጥበብ ልጆቻችን በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው መኪና በሚያሽቀዳድሙበት ጨዋታ እንኳ ሥፍራ አለው ስል፣ አንባቢ ነገሩን አቅልሎ እንዳያየው እለምናለሁ። ብዙው ተጫዋች ጎማ የሚመርጠው የትኛው ይፈጥናል ብሎ ብቻ ነው፤ እኔ ግን አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው የነጂው ባሕርይ ነው እላለሁ።

ካዙኖሪ ያማኡቺ የመሩት የጃፓን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1997 ለፕሌይስቴሽን ያወጣውን ግራን ቱሪስሞን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሰባተኛው ክፍል የደረቅ መንገድ ጎማዎችን ኮምፎርት፣ ስፖርትና ሬሲንግ ብሎ በሦስት ወገን ይከፍላቸዋል፤ እያንዳንዱም ወገን ሃርድ፣ ሚዲየምና ሶፍት ተብሎ ስለሚደለደል ምርጫው 9 ይሆናል። ላስቲኩ በለሰለሰ መጠን አስፋልቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ነገር ግን ቶሎ ያልቃል።

በአንድ የዕረፍት ቀን የእህቴ ልጆች፣ ወንድምና እህት፣ በዚሁ ጨዋታ በማዝዳ ሮድስተር መኪና የሱዙካን የውድድር ጎዳና ሲዞሩ ተመለከትሁ። ሁለቱም የመረጡት ሬሲንግ ሶፍት ነበር። ልጁ ኩርባው ውስጥ ከገባ በኋላ ፍሬን እየያዘ ይጠመዝዛል፤ ጎማው ግን አጥብቆ ስለሚይዝለት ስሕተቱ ተሰውሮበት ይኖራል። በስፖርት ሃርድ ስለውጥለት፣ በመጀመሪያው ኩርባ ጎማው ጮኸ፣ የጎማው ምልክት ቀላ፣ መኪናውም ቀጥ ብሎ አሸዋው ውስጥ ገባ።

«ጋሼ፣ መሪውን እኮ ጠምዝዤዋለሁ፤ ለምን አልታጠፈም?» አለኝ።

የጎማ ጉልበት እንደ አንድ እንጀራ ነው፤ ፍሬን ሁሉን ከበላው ለመታጠፊያ የሚተርፍ የለም ብዬ መለስሁለት። ከጥቂት ዙር በኋላም መኪናው ቀጥ ብሎ ሳለ ፍሬን መያዝን፣ ኩርባው ሲጀምር ደግሞ ቀስ በቀስ መልቀቅን ተማረ። እጇ ለስላሳ ለሆነው ለእህቱ ግን ሶፍቱን ተውሁላት፤ ጸጋውን ሳታባክን ልትጠብቀው ትችላለችና።

ጀማሪን በማይዝ ጎማ ማስጨነቅ ተስፋ ያስቆርጠዋል የሚል ሰው ቢነሣ፣ ቃሉ እውነት አለበት። ጉልበተኛ መኪና በኮምፎርት ሃርድ የተሰጠው ጀማሪ በየኩርባው ከመሽከርከር በቀር የሚማረው የለም። ስለዚህ መኪናው አነስተኛ፣ ጎማውም መካከለኛ ሊሆን ይገባል። ቸኩሎ ነዳጅ ለሚረግጠው ግን፣ የጎማ ማለቅ በሚቆጠርበት ረጅም ውድድር፣ ጠንካራው ጎማ ይሻለዋል፤ ለምሳሌ ያህል በ20 ዙር ውስጥ ሶፍቱ በየዙሩ 1 ሰከንድ ቢያተርፍለት፣ ጎማ ለመቀየር አንድ ጊዜ ይበልጥ በመቆሙ 25 ሰከንድ ቢያጣ፣ ትርፉ ኪሳራ ሆነ ማለት ነው።

ጨዋታው ይህን ሕግ የቀዳው ከእውነተኛው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በኢስታንቡል በተደረገው የፎርሙላ ዋን ውድድር፣ አስፋልቱ ረጥቦ ሳለ፣ ሌዊስ ሃሚልተን ከ58ቱ ዙሮች 50 ያህሉን ኢንተርሚዲየት በሚባለው፣ ለረጠበ መንገድ በሚሆነው አንድ ጎማ ነድቶ፣ የጎማው ጥርስ ተልጦ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ በትዕግሥት ጠብቆት አሸነፈ፤ ሰባተኛውንም የዓለም ሻምፒዮንነት አገኘ። በዚያው ቀን የዚያው የመርሴዲስ ቡድን ባልደረባው ቫልተሪ ቦታስ ደጋግሞ ተሽከረከረና 14ኛ ወጣ። መኪናው አንድ፣ የጎማውም ዓይነት አንድ ሆኖ ፍጻሜው እንዲህ ከተራራቀ፣ ነጂውን ሳይመረምሩ ጎማውን ብቻ ማመስገን ከንቱ ነው።

የእህቴን ልጅ ለብዙ ቀን በስፖርት ሃርድ ካቆየሁት በኋላ ሬሲንግ ሶፍቱን መለስሁለት። ያንኑ ኩርባ ከቀድሞው ፈጥኖ ታጠፈው፤ ጎማውም አልጮኸም።