ከመቅዘፍ ደንቡ ይቅደም

አበው «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ» ሲሉ የተጠቀሙበት አነጋገር ከምሳሌነቱ አልፎ የተፈጥሮ እውነት ነው። ውኃ ሰውን የሚወስደው አስፈራርቶ ሳይሆን አባብሎ ነው። ላዩ ጸጥ ያለው ኩሬ ከሥሩ ገደል ይኖረዋል፤ ጠዋት እንደ መስተዋት የተዘረጋው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ በማዕበል ይናወጣል። በዛሬው ጽሑፋችን ልናነሣ የወደድነው ጉዳይ በውኃ ላይ የሚደረግ የጀልባ ውድድር ደንብና ጥንቃቄ ነው። ባሕር ለሌላት አገር፣ ይልቁንም ለቡና አገር ሰው፣ ርእሱ እንግዳ ሊመስል እንደሚችል አናጣውም። ይሁን እንጂ አንባቢያን እስከ መጨረሻው እንዲከተሉን እንጠይቃለን።

ነገራችንን ከወርቃ እንጀምር። ወርቃ በጌዴኦ ዞን የምትገኝ፣ ስሟ ከቡናዋ ጋር የሚጠራ ደጋማ አካባቢ ናት። ቡና በሚታጠብበት አገር ውኃ ይከተራል፤ ውኃ በተከተረበት ሁሉ ደግሞ ልጆች ይሰበሰባሉ። ልብሳቸውን ዳር ላይ ጥለው «ማን ቀድሞ ማዶ ይደርሳል?» ሲባባሉ ያላየ የአካባቢው ሰው የለም። ዳኛ የለም፤ ገመድ የያዘ ሰው የለም፤ የውኃውን ጥልቀት የለካ የለም። ውድድሩ ግን አለ። እንግዲህ ጥያቄው «በአገራችን የውኃ ላይ ውድድር ይጀመር ወይስ አይጀመር?» የሚል አይደለም። ውድድሩ ጥንትም ነበረ፤ የጎደለው ደንቡ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋምም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምክንያታችን ከራሳችን ገጠመኝ የመነጨ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማሪዎች ጋር ለመስክ ጥናት ወደ አንድ የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ወርደን ነበር። በተሳፈርንባት ጀልባ ላይ ከሃያ ሰው በላይ ተቀምጦ የሕይወት አድን ጃኬቱ ስድስት ብቻ ነበር፤ ከስድስቱም የሁለቱ ማሰሪያ ተበጥሷል። መሐል ሐይቅ ላይ ነፋሱ ሲበረታ ማን ጃኬት እንደሚለብስ በዓይን መነጋገር ጀመርን። በሰላም ተመለስን። የተመለስነው ግን በዕድል እንጂ በዕውቀት አልነበረም፤ ዕውቀትን እናስተምራለን ለምንል ሰዎች ደግሞ ይህ የሚያሳፍር ነው።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት ጥቂት አኃዝ እንጥቀስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች በዓለም ዙሪያ በመስጠም አደጋ ሞተዋል። ከዐሥሩ ዘጠኙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው፤ ከአራቱ አንዱ ገደማም ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 ባሳለፈው ውሳኔ ጁላይ 25 የዓለም የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን እንዲሆን የወሰነው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ኢትዮጵያ ለመቅዘፊያ እንግዳ አገር አይደለችም። በጣና ላይ የደንገል ታንኳ፣ በአባያ ላይ ከቀላል እንጨት የሚታሰረው ጀልባ ከጥንት ጀምሮ ሰውና ዕቃ ያመላልሳሉ። በኋላም ወንዞቻችን የዓለምን ቀዛፊዎች ስበዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 በብሪታኒያዊው የጦር መኮንን በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው ቡድን ዐባይን ሲወርድ ከአባላቱ አንዱ ሰጥሞ ቀርቷል። በ1973 አሜሪካውያን ቀዛፊዎች በአየር በተነፉ ጀልባዎች ኦሞን ወረዱ። ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ደግሞ ዲሴምበር 25 ቀን 2003 ከዐባይ ምንጭ ተነሥተው ኤፕሪል 28 ቀን 2004 ሜዲትራኒያን ባሕር ደርሰዋል። በነዚህ ጉዞዎች ስም ያተረፈው በአመዛኙ የውጭው ሰው ነው፤ በወንዙ ዳር የሚኖረው ልጅ ግን እስከ ዛሬ ዋና የሚማረው በመስጠምና ባለመስጠም መካከል ነው።

ወደ ደንቡ እንምጣ። በዓለም ላይ በሞገድ ላይ የሚደረግ የካያክ ውድድር የሚባል ስፖርት አለ። ቀዛፊው በጠባብ ጀልባ ተቀምጦ ወደ ባሕር ዳር የሚገሠግሠውን ሞገድ ይጋልባል፤ ዳኞችም ከያዛቸው ሞገዶች መካከል በምርጦቹ ነጥብ ይሰጡታል። በአንድ ዙር ወደ ውኃው የሚገቡት ጥቂቶች ናቸው፤ ከሩቅ እንዲለዩም የተለያየ ቀለም ያለው ሰደርያ ይለብሳሉ። ከደንቦቹ ሁሉ ዋነኛው የቅድሚያ ደንብ ነው፤ ሞገዱ መሰበር ከጀመረበት ቦታ ይበልጥ የቀረበው ቀዛፊ የሞገዱ ባለቤት ነው። ሌላው በፊቱ ቢገባበት ይቀጣል። ተመልሶ ወደ ጥልቁ የሚቀዝፍ ሰውም ጋላቢው ከሚመጣበት መሥመር ዞሮ ማለፍ አለበት። የራስ ቁርና የሕይወት አድን ጃኬት ግዴታ ናቸው። የጀልባዋ ባዶ ክፍል በአየር ከረጢት ወይም በስፖንጅ መሰል ተንሳፋፊ ነገር መሞላት፣ በሁለቱም ጫፎቿ ላይ መያዣ እጀታ መኖር አለበት።

እነዚህ ደንቦች ከሰማይ የወረዱ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው የፊዚክስ ትምህርት ናቸው። የአየር ከረጢቱን ነገር እንመልከት። አንዲት ካያክ ተገልብጣ 200 ሊትር ውኃ ብትሞላ የራስዋን ክብደት ሳንጨምር 200 ኪሎ ግራም ትሸከማለች። ይህች ጀልባ በሞገድ ተገፍታ በሰከንድ 3 ሜትር ብትጓዝ የእንቅስቃሴ ጉልበቷ 900 ጁል ይሆናል። ለወርቃ ሰው በሚገባው ቋንቋ እንናገር ከተባለ፣ 60 ኪሎ ቡና የያዘ ጆንያ ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ በዋናተኛ ላይ እንደ መውደቅ ያለ ነው። የአየር ከረጢቱ 150 ሊትሩን ቦታ ቀድሞ ቢይዝ ግን የሚገባው ውኃ 50 ኪሎ ብቻ ስለሚሆን አደጋው ወደ ሩብ ይወርዳል። የደንገል ታንኳ ሠሪዎች ይህን ያለ ቀመር አውቀውት ነበር፤ ታንኳው የሚንሳፈፈው በእያንዳንዱ ደንገል ውስጥ ባለው አየር በመሆኑ ውኃ ቢገባበትም ወዲያው አይሰጥምና።

ሌላው የሞገድ ባሕርይ ነው። የሞገድ ጉልበት ከቁመቱ ካሬ ጋር ያድጋል። ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የወንዝም ግፊት እንዲሁ ነው፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ቢጨምር የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ «ትናንት ተሻግሬዋለሁ» የሚል ሰው ዛሬ ከዝናብ በኋላ ያው ወንዝ ሌላ ወንዝ መሆኑን ልብ አላለም።

ይሁንና የውጭውን ደንብ እንዳለ ገልብጦ ማምጣትም ስሕተት ነው። የአገራችን ውኃ የራሱ ጠባይ አለው። የባሕር ውኃ በጨው ምክንያት ከጨው አልባው ውኃ 2.5 በመቶ ያህል ይከብዳል። በመሆኑም 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በእኛ ወንዝ ውስጥ የሚያገኘው ተንሳፋፊነት ከባሕሩ በአንድ ኪሎ ተኩል ያህል ያንሳል። ይህች ትንሽ ልዩነት አፍን ከውኃ በላይ ወይም በታች ታደርጋለች። የደጋው ወንዝ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው፤ ድንገት የገባ ሰው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ሳይወድ በግድ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል፤ አፉ ውኃ ውስጥ ካለ የሚስበው ውኃ ነው።

ከጌዴኦ ተራሮች በምዕራብ በኩል የሚወርዱት ወንዞች በጊዳቦና በገላና አማካይነት አባያ ይገባሉ። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ቆላው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ለሚዋኝ ልጅ ሳይታሰብ እንደ ደራሽ ጎርፍ ሊደርስበት ይችላል። አባያ ራሱ ወደ 80 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ሲኖረው ጥልቀቱ ግን 13 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ረጅምና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ በነፋስ ሲመታ አጭርና ቀጥ ያለ፣ ጀልባን ለመገልበጥ የሚቸኩል ማዕበል ያነሣል። ሐይቁ የአዞና የጉማሬ መኖሪያ መሆኑም አይዘነጋም። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርቻ በቀንድ አውጣ አማካይነት የሚተላለፈው ብልሃርዚያ ሌላው ሥጋት ነው። በቡና አጠባ ወራት ከማጠቢያዎች የሚለቀቀው ፍሳሽ የወንዞችን ኦክስጅን እንደሚያሟጥጥ ለሳይንስ ተማሪ መንገር አያሻንም። በግድብና በክትር ላይ ተንደርድሮ የሚወርድ ውኃም ከሥሩ ተመልሶ ስለሚሽከረከር የገባበትን ሰው ደጋግሞ ወደ ታች ይደፍቀዋል፤ ላዩ ሲታይ ግን ጨዋታ ይመስላል።

በመሆኑም በአካባቢያችን ማንኛውም ትምህርት ቤት፣ ክበብ ወይም ተቋም በውኃ ላይ ውድድር ከማዘጋጀቱ በፊት የሚከተሉት ነጥቦች እንዲሟሉ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ውድድሩ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ ነፋሱ ሳይበረታ ይጠናቀቅ። ሁለተኛ፣ ጃኬት የሌለው ሰው ተወዳዳሪም ዳኛም ተሳፋሪም አይሁን፤ የጃኬቱም የማንሳፈፍ ኃይል ይፈተሽ። ለዋናተኛ ቀዛፊ ቢያንስ 50 ኒውተን፣ ዋና ለማይችል ሰው በተረጋጋ ውኃ ላይ ቢያንስ 100 ኒውተን በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት መለኪያ ነው። ሦስተኛ፣ መብረቅ ታይቶ ነጎድጓዱ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከተሰማ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ነውና ሁሉም ከውኃ ይውጣ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላም አይመለስ። አራተኛ፣ ውድድሩን የማቆም ሥልጣን ያለው አንድ የደኅንነት ኃላፊ ይሰየም፤ ይህ ሰው ከአዘጋጁም ከስፖንሰሩም ትእዛዝ አይቀበል። ፊሽካው ሲነፋ ክርክር አይኖርም። አምስተኛ፣ የገቡትና የወጡት በስም ይቆጠሩ። ይህ ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ ይበልጥ የሚረሳው ደንብ ነው።

«ለጃኬት የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚሉን ይኖራሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛም ከድህነታችን ጋር አንጣላም። ነገር ግን መልሱ አንዳንዴ በየጓዳችን አለ። ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ የ20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ወደ 190 ኒውተን የሚጠጋ የማንሳፈፍ ኃይል አለው። ረጅም ገመድ የታሰረበት አንድ ጀሪካን በእያንዳንዱ የመዋኛ ዳር ቢቀመጥ ውድ ከሆነ መሣሪያ ያልተናነሰ ሥራ ይሠራል። ለሚሰጥም ሰው ዘሎ መግባት ጀግንነት ቢመስልም ብዙ ጊዜ ሁለት አስከሬን ያስወጣል። በዱላ ድረስለት፤ ዱላ ካጠረ ጋቢህን ዘርጋለት፤ እሱም ካልደረሰ ጀሪካኑን ወርውርለት። ይህን ለማስተማር የሚያስፈልገው የአንድ ክፍለ ጊዜ ሰዓት ነው።

ሌሎች ደግሞ «ከዚህ ሁሉ ጣጣ ልጆቹ ወደ ውኃ እንዳይወርዱ መከልከል አይሻልም ወይ?» ይሉናል። አይሻልም እንላለን። ክልከላ ልጁን ከውኃው አያርቀውም፤ ከሽማግሌ ዓይን ብቻ ያርቀዋል። ዓይን በሌለበት የሰጠመውን ደግሞ የሚጮኽለት የለም። ውድድር በደንብ ከተመራ ግን ልጁን ራሱ ወደ ጥንቃቄ ይስበዋል፤ ጃኬት ያልለበሰ አይወዳደርምና ጃኬቱን ይወደዋል። በፊሽካ መቆምን፣ ጓደኛን መቁጠርን፣ ተራን መጠበቅን በጨዋታ ይማራል። መኪና መንዳት የሚፈልግ መንጃ ፈቃድ እንደሚያወጣ ሁሉ ጀልባ ላይ የሚወጣም ፈተና ቢኖርበት ማንንም አይጎዳም።

ኃላፊነቱ የማን ነው? በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን የተባለው መሥሪያ ቤት የአገር ውስጥ የውኃ ትራንስፖርት ጉዳይም ይመለከተዋል። ሆኖም ባለሥልጣን በየኩሬው ዳር ሊቆም አይችልም። በየኩሬው ዳር የሚቆመው መምህሩ፣ የቡና ማጠቢያው ኃላፊና ወላጅ ነው። የሳይንስ ፋኩልቲዎችም ድርሻ አላቸው። የአርኪሜዲስን መርሕ ለፈተና ያስተማርነው ተማሪ ታናሽ ወንድሙን ከመስጠም ሊያድንበት ካልቻለ ያስተማርነው ቃሉን እንጂ መርሑን አይደለም። በየክረምቱ ለማኅበረሰብ አገልግሎት የሚሰማሩ ተማሪዎቻችን የየአካባቢያቸውን ኩሬዎች ጥልቀት ለክተው በቀለም የተቀባ ምልክት ቢተክሉ፣ ገመድና ጀሪካን አስቀምጠው አጠቃቀሙን ቢያሳዩ ለመጀመሪያው ዓመት በቂ ሥራ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ብሂል ለውኃም ይሠራል። ከወርቃ ኩሬ እስከ አባያ ዳርቻ ልጆቻችን ነገም መፎካከራቸውን አይተዉም። እነሱ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ብለው ከመዝለላቸው በፊት የውኃውን ጥልቀት የለካ፣ ገመዱን የያዘና የሚቆጥራቸው አንድ ታላቅ ሰው ዳር ላይ መቆም አለበት። ያ ሰው ማን እንደሚሆን ከመጪው ክረምት በፊት እንወስን።