የእጅ ሥራ ዓምድ፦ በ16 አባዝታችሁ ለጥፉ

ባለፈው ዕትማችን ከዘይት ቆርቆሮ ስለሚሠራ የውሃ ቦቴ ጽፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጆቻችሁ ቆርቆሮ ተሸክመው እየመጡ፣ «መምህር፣ ታንክስ እንዴት ነው የሚሠራው?» ይሉናል። ጥያቄው ለኛ ለመምህራን ቀላል አልነበረም። ታንክ ሸሽተን መጥተን ታንክ እናስተምር? ብዙ ተከራከርንበት። በመጨረሻ አንድ የ14 ዓመት ተማሪያችን ሳይጠብቀን ጀመረውና እኛም አብረነው ገባንበት። የተማርነውን ይኸው።

ልጁ የመረጠው ቲ-55ን ነው። ሶቪየት ኅብረት ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያመረተችው፣ አራት ሰው የሚይዝ፣ ባለ 100 ሚሊ ሜትር መድፍ ታንክ ነው። ተቃጥሎ መንገድ ዳር የቀረውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ልጁም ያየው እንዲህ ያለውን ነው፤ የሰፈሩ ልጆች ይንጠላጠሉበት እንደነበር ነግሮናል።

መጀመሪያ ስኬል እንምረጥ። ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት የታንክ ሞዴሎች አብዛኞቹ 1፡35 ናቸው። እኛ ግን 1፡16 መረጥን። ትልቅ ስኬል ለሀብታም ብቻ ይመስላል እንጂ ለኛ ለድሆቹ ነው የሚሻለው፤ ምክንያቱም ቆሻሻ ላይ የምናገኘው ዕቃ ልክ ሆኖ ይመጣል፣ ጥቃቅኑንም ነገር ያለ ልዩ መሣሪያ በእጃችን መሥራት እንችላለን።

ሒሳቡ የአምስተኛ ክፍል ማካፈል ነው። የእውነተኛው ቲ-55 አካል ያለ መድፉ 6 ሜትር ከ45 ይረዝማል፤ ለ16 ሲካፈል 40 ሴ.ሜ. ይሆናል። ወርዱ 3 ሜትር ከ27 ነው፤ 20 ሴ.ሜ. ከግማሽ ያዙለት። ከፍታው 2 ሜትር ከ40 ስለሆነ 15 ሴ.ሜ. ይመጣል። እግሩ 81 ሴ.ሜ. ስፋት አለው፤ 5 ሴ.ሜ. ሆነ ማለት ነው። ትንሿን የቲማቲም ሳልሳ ጣሳ ለኩ፤ ወደዚያው ትጠጋለች። በየጎኑ አምስት አምስት ጣሳ ያስፈልጋል። በአንደኛውና በሁለተኛው እግር መካከል ያለው ክፍተት ከሌሎቹ ሰፋ ማለቱን እንዳትረሱ። ቲ-55 ከሩቅ የሚታወቀው በዚያ ነው።

አካሉ ካለቀ በኋላ ነው ችግሩ የመጣው። ልጁ በታንኩ ራስ ዙሪያ ወታደሮች የሚይዙትን የእጅ መያዣ ከወፍራም ሽቦ አጥፎ ለጠፈ። አያምርም፤ ግን ለምን እንደማያምር አልገባንም። ከዚያ ሽቦውን ለካነው፤ 4 ሚሊ ሜትር። በ16 ስናባዛው ከ6 ሴ.ሜ. በለጠ። የታንክ መያዣ ሳይሆን የቤት ቋሚ ተክለንበታል! ሰው ጨብጦ ሊይዘው አይችልም። ነቀልነውና ከተበላሸ ሬዲዮ በወጣ ቀጭን ሽቦ ተካነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጋችን ይህ ሆነ፦ ማንኛውንም ነገር ከመለጠፋችሁ በፊት በ16 አባዙትና «ሰው በዚህ ይጠቀምበታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከካርቶን 10 ሴ.ሜ. ከግማሽ የሚሆን ሰው ቁረጡና አጠገቡ አቁሙት፤ ይህ የ1 ሜትር ከ70 ሰው ነው። ትከሻው በመግቢያው ክዳን ካላለፈ ክዳኑ ጠቧል ማለት ነው።

እስከ አሁን ከሞከርናቸው የተሳካልንን እንንገራችሁ። ለነዳጅ በርሜል ትልቁን የእጅ ባትሪ ድንጋይ እንደ ቅርጽ ማውጫ ተጠቀምን። ወረቀት በኮላ እያራሳችሁ ሦስት አራት ዙር ጠቅልሉበት፣ ሲደርቅ ድንጋዩን ሳቡት፣ ወረቀቱን 5 ሴ.ሜ. ከግማሽ ላይ ቁረጡት። ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ሆነ። ወገቡ ላይ ያሉትን ሁለት ቀለበቶች በኮላ የተነከረ የስፌት ክር ያወጣቸዋል። ከኋላ ሁለት በርሜል፣ ከበርሜሎቹ ሥር ደግሞ አንድ ግንድ ይታሰራል። ግንዱ ጌጥ አይደለም፤ ታንኩ ጭቃ ሲይዘው ከሰንሰለቱ ጋር አስረው ይወጡበታል። ደረቅ የግራር ጭራሮ ይበቃዋል።

ለብሎን ራስ ቆርቆሮውን ከጀርባው በምስማር ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑት፤ ሳይበሳ ከፊት ጉብ ይላል። ለብየዳ መስመር የኮላ ክር አፍስሱና ሳይደርቅ በመርፌ ጠቅ ጠቅ አድርጉት። ለመጎተቻ ገመድ ሦስት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦ ግመዱ። ለሰንሰለቱ የብስክሌት የውስጥ ጎማ በ3 ሴ.ሜ. ከግማሽ ወርድ ቁረጡና የካርቶን ቁራጮች ደርድሩበት። ለመብራት የተቃጠለ የእጅ ባትሪ አምፖል አለ። ለአቧራው ምን እናስብ? እሱ በነፃ ነው፤ ከደጃፋችሁ አንስታችሁ በወንፊት ንፉትና ኮላው ሳይደርቅ በትኑበት። እኛ ገንዘብ ያወጣነው ለነጭ ኮላና ለጥቂት አረንጓዴ ቀለም ብቻ ነው፤ ሁሉም 250 ሽልንግ አልሞላም።

ወላጆች፣ ይህን ደግሞ አደራ። የተቆረጠ ቆርቆሮ እንደ ምላጭ ነው፤ ጠርዙን አጥፋችሁ በድንጋይ ጨፍልቁት። የባትሪ ድንጋይ አይሰበርም፤ ፈሳሽ የጀመረውም አይነካም። ከሁሉም በላይ ልጆች የማያውቁትን ብረት፣ ቀለህም ይሁን ሌላ፣ ከየትም እንዳያነሱ። ተቃጥሎ የቆመ ታንክ ላይ መውጣትም ጨዋታ አይደለም፤ ውስጡ ያልፈነዳ ሊኖር ይችላል። ይህን ለተማሪያችን ስንነግረው ዝም አለን። ይንጠላጠሉ ከነበሩት ልጆች አንዱ እሱ ነበራ።

አሁን ወደ እናቱ እንምጣ። ታንኩን ቤት የወሰደው ዕለት በማግስቱ መጡብን። «መምህር፣ እኔ ከዚያ ብረት ሸሽቼ ነው የመጣሁት። አሁን ደግሞ አልጋዬ ሥር ልታስቀምጡልኝ ነው?» አሉን። መልስ አልነበረንም። «እትዬ፣ እውነትዎን ነው። ከፈለጉ እዚሁ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል» አልናቸው። ልጁ ግን የካርቶኑን ሰው አውጥቶ አጠገቡ አቆመና፣ መያዣው ለምን እንደቀጠነ፣ ክዳኑ ለምን እንደሰፋ ያስረዳቸው ጀመር። እሳቸው ቆመው ሰሙት። ዞር ዞር ብለው ኋላውን አዩና፣ «ጀሪካኑስ?» አሉ።

«የምን ጀሪካን?»

«የኛ ነዋ! ቢጫው። ከበር ላይ ወስደው እዚህ ጋ ነበር ያንጠለጠሉት።»

ልጁ ይህን ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም። ማስመሪያውን አነሳና፣ «ስንት ሊትር ነበር?» አላቸው። ባለ 20 ነበር። በዚያው ሳምንት ከዘይት ጠርሙስ ቢጫ ክዳን 2 ሴ.ሜ. ከግማሽ የምትሆን ጀሪካን ጠርቦ፣ ከበርሜሉ ጎን በሽቦ አሰራት።

ታንኩ አሁንም ያለው ክፍላችን ውስጥ ነው፤ ቤት አልገባም። እትዬ ግን አርብ አርብ ብቅ ይላሉ። ሌላ የሚያስታውሱት ነገር ሲኖር ይነግሩታል፣ እሱም ይለካል። ማየት የምትፈልጉ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ኑ። በሚቀጥለው ዕትም አምቡላንስ እንሠራለን፤ የሳልሳ ጣሳ እንዳትጥሉ!

እስከዚያው ቸር እንሰንብት።