ጥናቱን ማን ከፈለበት?

ሮቤ ላይ ስንዴ የሚጭን ነጋዴ የሚዛኑን ባለቤት ሳያውቅ ጆንያ አያስነሳም። ደላላውም ኮሚሽኑን ከማን እንደሚቆርጥ ቀድሞ ይጠየቃል። የሲጋራ ጉዳይ ሲነሳ ግን "ጥናት" የሚል ሽፋን ያለው ወረቀት ሁሉ እንዳለ ይታመናል።

የሆቴሉ ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነው። ወደ ባሌ ተራሮች ፓርክ የሚሄደው እንግዳ ብዙውን ጊዜ የሚያድረው ሮቤ ወይም ጎባ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን ሲከለክል ባለሆቴሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ገበያዬ ይወድቃል ወይ? ይወድቃል የሚሉ ጥናቶች በውጭ አገር በብዛት ተጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 "ቶባኮ ኮንትሮል" በተሰኘው መጽሔት የወጣ ግምገማ 97 ጥናቶችን አበጥሯል። በደንብ የተሠሩት በሙሉ ክልከላው ሽያጭን አልጎዳም ወይም ጠቅሟል ነው ያሉት። ጎዳ ካሉት መካከል ከትምባሆ ኢንዱስትሪ ነፃ በሆነ ገንዘብ መሠራቱ በግልጽ የታወቀ አልተገኘም።

ይህ የአንድ ጊዜ አጋጣሚ አይደለም። ባርነስና ቤሮ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 የሌላ ሰው የሲጋራ ጭስ ስለሚያደርሰው ጉዳት የተጻፉ 106 ጽሑፎችን መርምረው ነበር። ከትምባሆ ኩባንያዎች ጋር ግንኙነት ያላቸው ሰዎች ከጻፏቸው 31 ውስጥ 29ኙ "ጉዳት የለውም" ብለዋል። ግንኙነት የሌላቸው ከጻፏቸው 75 ውስጥ እንዲህ ያሉት 10 ብቻ ናቸው። ጭሱ ያው ጭስ ነው!

አገር ውስጥም የተያዘው ገንዘብ ቀላል አይደለም። የጃፓኑ ትምባሆ ኩባንያ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ በ2008 ዓ.ም. በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2010 ዓ.ም. ሌላ 434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን 70.95 በመቶ አደረሰ። (ከዚያ በፊትማ መንግሥት ራሱ ሻጭም ተቆጣጣሪም ነበር።) ይህን ያህል ካፒታል ያፈሰሰ ኩባንያ ስለ ኤክሳይዝ ታክስና ስለ ኮንትሮባንድ ቁጥር ቢያቀርብ ይደመጥ። የሚደመጠው ግን እንደ ባለጉዳይ እንጂ እንደ ዳኛ መሆን የለበትም።

ሌላው ወገንም ባዶ እጁን አልመጣም። የአሜሪካዊው ቱጃር የብሉምበርግ በጎ አድራጎት ድርጅት ለትምባሆ ቁጥጥር ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ መድቧል። ይህም በጥናቱ ላይ ይጻፍ። ልዩነቱ ብሉምበርግ ሲጋራ አለመሸጡ ነው።

ሮቤ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ ስለ ባሌ ዞን የመሰናዶ ተማሪዎችና ሱስ አምጪ ነገሮች እ.ኤ.አ. በ2014 ጥናት ታትሟል። የምርምር በጀት እንደልብ በማይገኝበት አገር ቼክ ይዞ በር የሚያንኳኳ አይጠፋም። ቼኩን የፈረመው ማን እንደሆነ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በጉልህ ይታተም፤ ባለሆቴሉም ወደ መደምደሚያው ከመዝለሉ በፊት ያቺን መስመር ይፈልጋት።